በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዓመት

ጀማነህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ የሚባለው ዳገታማ ሰፈር ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጣሪያው ሳይሆን መሬቱ ዱሮ የማን እንደነበረ ነው። አሻሻጩ ሳቀበት። እሱ ግን ሪከንባከር አየር ማረፊያ ጭነት ሲያወርድ ውሎ ሲመለስ ቤተ መጻሕፍት እየገባ የኮሎምበስን ታሪክ ለቃቀመው። መሀል ከተማ የነበረውን የጥንት ሰዎች የመቃብር ጉብታ ንደው በአፈሩ ለመጀመሪያው ምክር ቤት ጡብ እንደሠሩበት፣ የጀልባውን ቦይ እስረኞች እንደቆፈሩት፣ በፈረንጅ 1913 ወንዙ ሞልቶ ምዕራቡን ሰፈር ሲጠርግ የተረፈው ሰው ዛሬ የእሱ ቤት ወዳለበት ዳገት እንደወጣ ያውቃል። መኪና ውስጥ ይህን ወሬ ሲጀምር ልጁ ሲና ሬዲዮ ትከፍትበታለች።

ስለዚህ አንድ የታሪክ ክበብ ስለ ከተማዋ ነዋሪዎች ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ለኢትዮጵያውያንም አንድ ሰሌዳ ሲሰጥ፣ ከሁሉ ቀድሞ ሊያይ የሄደው እሱ ነበር። «ኢትዮጵያውያን፣ ከ1976 ጀምሮ» ይላል ሰሌዳው። ጀማነህ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባው። አብሮት የመጣውና አምና ያረፈው ንጉሤ፣ መቼ ገባችሁ ሲሉት «በሰባ ስድስት» ብሎ ነበር። በኛ አቆጣጠር ማለቱ ነው፤ በፈረንጅ 1984 ይሆናል። ጠያቂዎቹ የሰሙትን ጻፉ። የኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ሰብሳቢ አያና ደግሞ ሰሌዳውን አይቶ ሃምሳ ዓመት ሞላን አለና አዳራሽ ተከራየ፤ ቲሸርትም አሳተመ።

ጀማነህ ካናል ዊንቸስተር ድረስ አያና ቤት ሄዶ ነገሩን አስረዳው። አያና በአክብሮት አስቀምጦ ሰማው፤ አልካደም።

«ገብቶኛል ጋሼ። ግን አርባ ሁለተኛ ብለን ሰው ብንጠራ እኮ የጫማ ቁጥር ነው የሚመስለው። ደግሞስ ስምንት ዓመት ቢጨመርልን ማን ተጎዳ?»

ማን እንደተጎዳማ ጀማነህ ያውቃል። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ ታናሽ ወንድሙ ባስልዮስ አለ። አብረው ወደ ሱዳን ድንበር ተሻግረው፣ ገዳሪፍ ሲደርሱ ወባ ጣለው፤ አልተነሳም። ሰሌዳው እውነት ከሆነ ጀማነህ ያኔ ብሮድ ስትሪት ላይ ሽር ሽር ይል ነበር፤ ባስልዮስም የሞተበት ዘመን የለም። ይህን ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ለአያና ቁጥሩን ብቻ ደጋገመለት። ክበቡ ጋ ሲደውል፣ ማኅበሩ በደብዳቤ ከጠየቀ እናርማለን አሉት። ደብዳቤውን አያና ከበዓሉ በኋላ እጽፋለሁ አለ።

በበዓሉ ቀን ቀደምቶቹ ይነሱ ተባለና ማይክ ሰጡት። ሲና ልትቀርጸው ስልኳን ደቅና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ዓመት እኔ ወንድሜን ባስልዮስን ገዳሪፍ ነበር የምቀብረው» አለ። «እዚህ አልነበርኩም። ማናችንም አልነበርንም።»

ሲና ስልኳን ቀስ ብላ አወረደች። አጎት እንደነበራት የሰማችው ገና ያን ጊዜ ነው። ከእንግዶቹ መሀል እትዬ ማንያህልሻል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሙዚቃውም ቆመ።

በማግስቱ ቤቱ በሰው ተሞላ። ለባስልዮስ እስከዛሬ ለቅሶ የደረሰለት አልነበረምና እድሩ ጓሮው ላይ ሸራ ወጠረ፣ ወንበር ደረደረ፤ ምስሩና ሽሮው በየትሪው መጣ። ጀማነህ እየተነሳ እግዜር ይስጥልኝ ይላል፤ ልቡ ግን ከሰሌዳው ጋር ነው። ኤግዚቢሽኑ በነጋታው ይዘጋል፤ ሰሌዳዎቹም ለመጪው ትውልድ ተብለው ሳይታረሙ እንዳሉ ይቀመጣሉ። ይህን ለሚያጽናኑት ሁሉ ተናገረ። ሰዉም አይዞህ፣ እሱን ነፍሱን ይማረው ይለዋል።

አያና ዓይኑ በልቅሶ አብጦ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። እንባው የእውነት ነበር። ጀማነህ ጎንበስ ብሎ «ደብዳቤውስ?» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ ለቅሶ ላይ እኮ ነን» አለ አያና በሹክሹክታ። «አሁን የቁጥር ነገር ይነሳል?»