ሃያ ፓውንድ

ይህን ነገር እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም ነበር። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አሁን ለእናንተም እነግራችኋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ አታጽናኑኝ።

ነርስ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ቡታጅራ ከመጣሁ ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚለኝ፤ ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ያኔ ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናት እመዝን፣ ለከሱት አልሚ ዱቄት አድል ነበር።

ሚዛናችን ተበላሸና ከውጭ በእርዳታ ሌላ መጣልን። እሱ የሚቆጥረው በፓውንድ ነው፤ የእድገት መከታተያ ካርዱ የሚሞላው ግን በኪሎ። አንድ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ አርባ ስድስት ግራም ያህል ያንሳል። ተምሬዋለሁ፤ አላውቅም ነበር አልልም። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ነው ልል አሰብኩ፤ እሱም ውሸት ነው። ሰንፌ ነው። ቁጥሩን ለሁለት እያካፈልኩ ጻፍኩ። በዚህ አገር በርበሬ በፈረሱላ ይመዘናል። ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ መሆኑን ማንኛውም የአካባቢው የመስቃን ገበሬ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል፤ አሥራ ስድስት ነው ብትሉት ጆንያውን አንስቶ ይሄዳል። ሰው ለበርበሬ የሚያደርገውን ጥንቃቄ እኔ ለልጅ ነፈግሁ።

ሙኒራ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ከወልቂጤ ተድራ የመጣች፤ ባሏ አዲስ አበባ ስለሚሠራ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። ዓመት ተኩል የሆነውን ልጇን አንዋርን በዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሃያ ፓውንድ። አሥር ኪሎ ብዬ ጻፍኩ። ዱቄቷን ተቀብላ ሄደች።

በወሩ፣ ሰኞ ዕለት፣ ከአማቷ ጋር ተመልሳ መጣች። የድሮው የኪሎ ሚዛን ተጠግኖ ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ አለ።

"ልጁ ስድስት መቶ ግራም ቀንሷል። ዱቄቱን የት አደረስሽው?" አልኳት።

"ለሱ ነው የሰጠሁት፣ ሲስተር። ወላሂ ለሱ ነው።"

"ሸጠሽው መሆን አለበት!"

ይህን የተናገርኩት ግቢው በእናቶች ሞልቶ ሳለ፣ ጮክ ብዬ ነው። አማቷ ብድግ አለች። ልጁን ከሙኒራ ጀርባ ፈትታ ራሷ አዘለችው።

ረቡዕ ላይ፣ ባለፈው ወር በፓውንዱ ሚዛን የመዘንኳቸውን ሌሎች ሰባት ሕፃናት መዘንኩ። ሰባቱም ቀንሰዋል። የሰባት ቤት እናት ዱቄት ትሸጣለች? እርሳስ አነሳሁና የሃያ ፓውንዱን ልክ አወጣሁ፤ ዘጠኝ ኪሎ ከሰባ ግራም። አንዋር አልቀነሰም። ከሦስት መቶ ግራም በላይ ጨምሯል! ሙኒራ ልጇን በደንብ አብልታዋለች። የሰባቱን ካርድ አንድ በአንድ አረምኩ። የአንዋር ካርድ አማቷ ቤት ነበር። የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አልሄድኩም።

ቅዳሜ ሙኒራ ብቻዋን መጣች። ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ በእጇ አንዲት ፌስታል ይዛለች።

"አማቴ ከቤት አስወጣችኝ፣ ሲስተር። ባሌም በስልክ ፈትቼሻለሁ አለ። ልጁንም አንሰጥሽም አሉኝ። አንዴ ብቻ ደግመሽ መዝኚልኝ፤ አንድ ቃል ንገሪያት።"

አውቅ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ አውቅ ነበር። አንድ ቃል ነው የለመነችኝ፤ ያ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ምን ከለከለኝ? ሲስተር ማካፈል አትችልም እንዳልባል ነው። ለዚህ ብቻ ነው። "እኔ በሰው ትዳር ውስጥ አልገባም" አልኳት። ገብቼ ካፈረስኩት በኋላ!

ወደ ወልቂጤ ሄደች። አንዋር አያቱ ዘንድ አደገ።

ባለፈው ዓመት ከገበያ ስወጣ አንድ ባለ ባጃጅ ቆመልኝ። ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ቤቴ በር ደርሰን ልከፍለው ስል እጄን መለሰው።

"ከእርስዎማ አልቀበልም፣ ሲስተር። እናቴ ምግቤን እየሸጠች ልትገድለኝ ስትል ያተረፉኝ እርስዎ ነዎት። አያቴ ሁልጊዜ ትመርቅዎታለች።"

አንዋር ነበር። ቤቴ ገብቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። በማግስቱ ወልቂጤ ሄድኩ።

ሙኒራ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አላት፤ አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ገና ስታየኝ አወቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰኞን፣ ረቡዕን፣ ቅዳሜን። እያለቀሰች ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

"እኔማ እንዳልሸጥኩት አውቃለሁ" አለችኝ። "ይህን ለማስረዳት እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግሽም ነበር። ለማያውቀው ሂጂና ንገሪ።"

እሷን በሰው ፊት ነው ያዋረድኳት። ስለዚህ ለአንዋርም በሰው ፊት ነገርኩት፤ ባጃጆቹ ተሰልፈው በሚቆሙበት ቦታ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

"ስትለምንሽ ታውቂ ነበር?" አለኝ። እርስዎ ማለቱን ትቷል።

"አውቅ ነበር።"

"እናቴ ሁለት ጊዜ ልታየኝ መጥታ ነበር። በድንጋይ ነው ያባረርኳት።"

ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ወልቂጤ መሄዱን ከጓደኞቹ ሰማሁ። እናትና ልጅ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም፤ መብት የለኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ለንስሐ አባቴ የተናዘዝኩት። "የማይሳሳት የለም፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ስህተትን ይቅር ይላል" አሉኝ። "አባ፣ ስህተቱ ረቡዕ ዕለት አልቋል፤ ከረቡዕ ወዲህ ያለው ስህተት አይደለም" አልኳቸው። ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ቀለለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልቀለለኝም፤ እንዲቀልም አልፈልግም።

የሥራ ባልደረቦቼ ተቆጥተውኛል። "ጡረታሽ ደርሶ ስምሽን ለምን ታጠፊያለሽ? ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?" ይሉኛል። ስሜ? ያ ስም በማን ልጅ ነው የተገዛው? በዚያ ስም ምርቃት ስቀበል ኖሬያለሁ፤ ይጥፋ!

ይቅርታም አልለምንም። ይቅር የማለት መብት ያላት ሙኒራ ናት፤ እሷም አላለችም፤ ደግ አደረገች። አንዋር አሁንም በሰፈራችን ያልፋል። ዝናብ ቢሆን እንኳ አይቆምልኝም። እኔም እጄን አንስቼ አላስቆመውም፤ እየበሰበስኩ በእግሬ እሄዳለሁ።