አላውቃትም ያልኩበት ቀን

ይህን እስከ ትናንት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሮም ከገባሁ ጀምሮ ለቄሱ ስናዘዝ ጥቃቅኑን ሁሉ እዘረግፋለሁ፤ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን፣ አሠሪዬን ሲኞራን በልቤ መራገሜን። ይቺን ግን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ። እንግዲህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

እትዬ ደብሪቱ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሸክላ ሠሪ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በድስታቸው ይበላል፣ በእንስራቸው ይቀዳል፤ እሳቸው ግን ቡዳ ናቸው ተብሎ ልጅ ከፊታቸው ይሸሸጋል። እናትና አባቴ ሲሞቱ ያሳደጉኝ፣ ጭቃ መርገጥና ገል መፍጨት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደርግ ወንድሜን ካሰረው በኋላ የቀበሌ ሰዎች እኔንም ሲፈልጉኝ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ወደ ሱዳን ይዘውኝ የወጡትም እሳቸው። ለእኔ ብለው ነው የወጡት።

አብረውን ዘጠኝ ሰዎች ይጓዙ ነበር። ሙያችንን ደበቅን። በአራተኛው ቀን ውሃ ልንቀዳ አንድ መንደር ቆምን። እትዬ ደብሪቱ እንስራ ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ በጣታቸው አንጓ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ። የተሰነጠቀ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ የለውም፤ እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጠው ሠሪ ብቻ ነው። መንገድ መሪያችን አየ። በማግስቱ ከተጓዦቹ የአንዷ ሕፃን በትኩሳት ሲቃጠል «የበላችው እሷ ናት» ተባለ።

መንገድ መሪው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ምንሽ ናት?»

«አላውቃትም» አልኩ። «መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን ጉሮሮዬን አነቀኝ? ማንም። ፈራሁ ልበል? እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ ግን አልካዱኝም። አንድ ቃል ቢናገሩ እኔም እዚያው እቀር ነበር። ዝም አሉ። ጥለናቸው ስንሄድ ሾላ ሥር ተቀምጠው፣ እንዳያጋልጡኝ ብለው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። ሱዳን ገብተን ገዳሪፍ ስንደርስ አንዲት ነርስ ለሕፃኑ የወባ መድኃኒት ሰጠችው፤ ዳነ።

እኔ እዚህ ሮም የሰው ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። ስድስት ዓመት ጭቃ አልነካሁም። በየትኛው እጄ?

ከሦስት ወር በፊት፣ በዕረፍቴ ቀን ሐሙስ፣ አንዲት መነኩሲት ከሱዳን የመጣ ካሴት ሰጡኝ። ቴፑን ስከፍተው መጀመሪያ የሰማሁት የእትዬ ደብሪቱን ሳል ነው። በሕይወት አሉ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንድ ባለ ግመል አሻግሯቸው፣ አሁን በስደተኞች ሰፈር ድስት ይሠራሉ። ስለዚያ ቀን ምንም አላነሱም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ የዚያ አገር ጭቃ እንዴት ነው? አሸዋ ይበዛዋል?»

ምን ብዬ ልመልስ? አላውቀውማ! በሚቀጥለው ሐሙስ ትራስቴቬሬ ከሚባለው የሮም ሰፈር አንድ የሸክላ ቤት ገባሁ። አንድ ማሰሮ ኳ አድርጌ ሳዳምጥ ባለቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አየኝና «አሎራ፣ እንግዲህ አንቺም ሠሪ ነሽ?» አለኝ። «ሲ» አልኩ፣ አዎ ለማለት። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ነኝ።

ትናንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሐበሾቹ አብረን ስንበላ ምስር ወጤን በራሴ ድስት አቀረብኩ። የሁላችን ታላቅ የሆኑት እማማ ፀዳለ «ይቺን ከየት አገኘሻት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ የሠራኋት። ሸክላ ሠሪ ነኝ። ያስተማሩኝ እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ፤ መንገድ ላይ ክጃቸዋለሁ።»

አንዱ እጁን ከገበታው ሰበሰበ። እማማ ፀዳለ ድስቷን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ በጣታቸው አንጓ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ። ይህን ማን አስተማራቸው?

«እናቴ» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብቄያታለሁ።» ከዚያ ሳህናቸውን ዘረጉልኝ። «በይ ጨምሪልኝ።»

ይህ ጥፋቴን አይፍቅልኝም። እንዲፍቅልኝም አልጠይቅም። ዛሬ ግን ለእትዬ ደብሪቱ ካሴት እቀዳለሁ። መጀመሪያ ያን ቀን እነግራቸዋለሁ፤ አላውቃትም ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ምክንያት ሳልደረድር። ከዚያ ስለ ጭቃው። አዎ እትዬ፣ አሸዋ ይበዛዋል። ግን እሳት ይችላል።