ያልተረጎምኩት መዥገር

እማዬን ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛው የኔ ስለሆነ። ሐኪሙ እንዴት ነሽ ሲላት፣ ጉልበቷ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ እያነከሰች የገባችው ሴትዮ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። እኔም ደህና ናት እለዋለሁ። እሱም ደህና ብሎ ይጽፋል።

አንድ ቀን የነከሳት ነገር ካለ ጠየቀ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከወራት በፊት ከቤተክርስቲያን ሰዎች ጋር ከምንኖርበት ከቫን ናይስ ወዲያ ኮረብታው ላይ ሽርሽር ሄደን፣ ቤት ስንገባ ከጉልበቷ ጀርባ መዥገር ነቅላ በጥፍሯ ስትጨፈልቅ አይቻለሁ። ትኩሳትና የጉልበት እብጠት የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። እሷ ግን ፈጠን ብላ በአማርኛ፣

«እንዳትነግሪው። እንደ ከብት መዥገር ያዛት እንዲለኝ ነው?»

ምንም አልነከሳትም አልኩት። ኦኬ ብሎ የሪህ ክኒን ሰጣት።

ክኒኑን እየዋጠች መንፈቅ አለፈ። ፌርፋክስ ሰፈር የምትሠራበት ምግብ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት እንድትከትፍ ፈቀዱላት፤ ኋላ ቢላውም ከእጇ ይወድቅ ጀመር። አንድ ጠዋት ፊቷ ባንድ በኩል ተንጋዶ ተነሳች። ጎረቤታችን እትዬ፣ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ከየት ይገኛል እያሉ ስልክ ሲደውሉ ዋሉ።

ፈራሁ። ያን ሰሞን ትምህርት ቤት ድርሰቴ ለክፍሉ ተነቦልኝ ስለነበር፣ በአፌ ያቃተኝን በብዕር እችላለሁ ብዬ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ መዥገሩንም ጨምሬ። እማዬ እያየች ለሐኪሙ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው። የኔ ጽሑፍ አንድን ትልቅ ሰው ደግሞ ሲያስነብበው ሳይ፣ እያፈርኩም ቢሆን ደስ አለኝ። ደሟ ተመረመረ። ላይም የሚባል የመዥገር በሽታ ነው፣ እዚህ ብዙም አይታይም፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ይቀል ነበር አለ ሐኪሙ።

«ምን አለ?» አለችኝ እማዬ።

«መድኃኒት አለው አለ» አልኳት። የቀረውን መተርጎም አቃተኝ።

የሦስት ሳምንት መድኃኒት ፊቷን መለሰላት። ሕመሙና ድካሙ ግን እንደገና መጡ። ሐኪሙ ሕክምናው አልቋል፣ የቀረው ሕመም ከሐሳብ የመጣ ነው አለን። በርባንክ ከተማ ካለ ሌላ ሐኪም አፖይንትመንት ያዝኩላት። ከመሄዳችን በፊት ባለው እሑድ፣ ያን ለሐኪሙ የጻፍሽውን በአማርኛ አንብቢልኝ አለችኝ። መዥገሩን ስለነገርኩት ቁጣዋን እየጠበቅኩ አነበብኩላት።

«ጎድሏል» አለች። «ሻወር ውስጥ መውደቄ የለም። ጠዋት ጠዋት ስምሽ እንደሚጠፋብኝም የለም። ለአዲሱ ሐኪም ጻፊው።»

ሁለቱንም አላውቅም ነበር። ጻፍኩ።