አባቴን ስንቀብር ስልክ የያዝኩት እኔ ነበርኩ

አባቴ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። ዓረብ አገር ላለው ታናሽ ወንድሜ ወዲያው በጎረቤታችን በመምህሩ ዋይፋይ ደወልኩለት። ነገርኩት።

«እታለም፣ ስልኩን ወደ እሱ አዙሪልኝ» አለኝ።

አዞርኩለት። እሱ አባቴን አየው፤ እኔ ስልኩን ያዝኩ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ ቀየርኩ።

ስለ ዋይፋዩ መናገር አለብኝ። ቤታችን ጭሮ ነው፣ ኮረብታው ሥር ከገባው ሰፈር። ያኔ የሞባይል ኔትወርክ እኛ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። በካርድ ወደ ውጭ ስንደውል ሰላምታው ሳያልቅ ሂሳቡ ያልቃል። መልክ እየተያዩ ለማውራት ደግሞ ዋናው አስፋልት ድረስ ወርዶ መቆም ያስፈልጋል፤ አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው መውረድ አይችልም። ስለዚህ ወንድሜ ከሄደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ድምፁን እንጂ ፊቱን አላየውም።

ጎረቤታችን ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር መምህር ነው። አንድ ክረምት ሰባት ቤት አስተባበረና አንድ የኢንተርኔት መስመር አስገባ። ከእሱ ጣሪያ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ ጫት ነጋዴው፣ እያለ ሳህን የሚያህሉ ነጫጭ አንቴናዎች ሰቀለ። ብዙዎቻችን ዓረብ አገር ሰው አለን። ከዚያ ወዲያ ሰባታችንም ለውጭ ጥሪ ካርድ መግዛት ተውን። መንገድ ላይ ካርድ የምትሸጠው ሴት «ምነው፣ ተኳርፈናል እንዴ?» ብላኛለች።

ወንድሜ ዕረፍቱ ዓርብ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ስለሆነ ሰዓት ያከብራል። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በፊት ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሲደወል ግን ብዙ አያወሩም።

«በላህ?»

«በላሁ አባዬ።»

«ሥራስ?»

«ደህና ነው።»

ከዚያ ይተያያሉ። ሲበቃው «ጓሮውን አሳዪው» ይለኛል፤ ስልኩን ይዤ ወጥቼ በቆሎው የት እንደደረሰ አሳየዋለሁ። ስልክ መያዝ የእኔ ሥራ የሆነው እንዲህ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ አይቶት ሲያበቃ «ቀብሩን ማየት አለብኝ» አለ። ፓስፖርቱ አሠሪው እጅ ነው፤ መምጣት አይታሰብም። ለመምህሩ ነገርኩት። ወደ ግቢያችን ወጥቶ አባቴ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያን አየ፣ ጣሪያችንን አየ።

«አንቴናዎቹ ከተያዩ ይደርሳል» አለ።

ከመስመሩ መጨረሻ ያለውን አንቴና ከጣሪያ ነቅሎ በረጅም እንጨት ላይ አሰረው። ኤሌክትሪክ ከየት ይምጣ ስንል ሽማግሌው ጫት ነጋዴ የአይሱዙአቸውን ባትሪ አስፈትተው ይዘው መጡ። መኪናው ወደ ገለምሶ ሊወጣ የነበረ ነው።

«አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሉኝ። «ልጁ አባቱን ይሸኝ። ጫቱ ይቅር ዛሬ።»

በዘጠኝ ሰዓት አስከሬኑ ሲወጣ እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ፊቴን ወደ ሰልፉ አድርጌ ወደ ኋላ እየተራመድኩ። አንዲት ዘመዳችን እንዳልወድቅ በወገቤ ይዛኛለች። ወንድሜ ከስልኩ ውስጥ ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል። ሴቶቹ የእሱን ድምፅ ሲሰሙ ባሰባቸው፤ ወደ ስልኩ እየመጡ ስሙን እየጠሩ አለቀሱለት። እኔ የማየው ጥግ ላይ ያለችውን የባትሪ ቁጥር ነው። ሠላሳ አንድ። ሃያ ስምንት። እንደማያልቅ አሰላሁ።

ፍትሐቱ አልቆ ሳጥኑ ሊወርድ ሲል «ከፍ አድርጊው እታለም፣ ሰው ከለለኝ» አለኝ። ከፍ አደረግኩት። «ወደ ቀኝ።» ወደ ቀኝ አደረግኩት። ገመዱን ሲለቁት ምስሉ ቆመ።

«አይታየኝም! እታለም፣ አይታየኝም!»

ዞር ብዬ መምህሩን ፈለግሁት። አጥሩ ጋ ቆሞ እንጨቱን እንደ ባንዲራ ይዟል፤ ንፋስ አዙሮበት ነበር። በእጄ ወደ ቤታችን አቅጣጫ አመለከትኩት። ትንሽ መለሰው። አላገኘውም። እንደገና መለሰው።

«መጣ፣ መጣ» አለ ወንድሜ።

ፊቴን ስመልስ ጉድጓዱ ውስጥ አፈር እንጂ ሌላ አልነበረም። ሰዎቹ አካፋውን እየተቀባበሉ ይሞላሉ። ያንን አሳየሁት።

ሰው እስኪበተን አልዘጋም። ቤት ስንገባም ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን ከስኳር ጣሳ ጋር አስደግፌ አስቀመጥኩት፤ ለቀስተኛው መጀመሪያ እሱን «እግዜር ያጥናህ» ይላል፣ ቀጥሎ እኔን። እስከ ሳልስት እንዲህ ሆነ። አንዲት ጎረቤቴ ሻይ ስቀዳ ጠጋ ብላ «አንቺ እኮ አላነባሽም፤ ይታመቅብሻል፣ አልቅሺ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ብርጭቆዎቹን ቆጠርኩ፤ ሁለት ጎድሎ ነበር፤ ከጎረቤት አስመጣሁ። ኋላም ብቻዬን ስሆን ሞክሬአለሁ። የሚመጣ ነገር አልነበረም። ትዝ የሚለኝ የክንዴ መዛል ነው።

በዓመቱ ከኮረብታው ማዶ አዲስ የሞባይል ማማ ቆመ። ኔትወርኩ ቤታችን ድረስ ገባ፤ ጥቅሉም ረከሰ። የሰባቱ ቤት ሰው አንድ በአንድ የየራሱን ዳታ እየገዛ ከመምህሩ መስመር ወጣ። ማንም አልተጣላም። ጫት ነጋዴው የመጨረሻው ነበሩ፤ እሳቸውም ልጃቸው አዲስ ስልክ ስትልክላቸው ተዉት። መምህሩ መሰላል ይዞ መጣና «የእናንተን ላውርደው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አውርደው» አልኩት። መሰላሉን ያዝኩለት።

ወንድሜ አሁን በፈለገው ሰዓት ይደውላል። ገበያ መሀል፣ ወደ በዴሳ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የትም ያገኘኛል። ቀብሩን ያኔ ቀድቶት ኖሯል፤ ለእኔም ልኮልኛል።

«አየሽው?» አለኝ አንድ ቀን።

«አየሁት» አልኩት። አላየሁትም።

«እኔ ደጋግሜ ነው የማየው። ሁሉም ሰው አለ። የሌለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» ቀጥሎም «እጅሽ ግን አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።

«ምን አደረግሁ ብለህ» አልኩት።

ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። ሻጯ ትጠብቀኛለች። ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ደህና ነው አለኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።