ካሜራውና ጅራፉ

የልጅ ልጄ ማሽላው ላይ ያረፈውን የግሪሳ ወፍ ፎቶ ስታነሳ ካሜራዋ «ቀጭ» አለ። ያ የጣሊያን ዘመን በጋ መጣብኝ።

አባቴ አርበኛ ሆኖ ወደ ደብረ ሲና ተራራ ከወጣ ወዲህ፣ ሸዋ ሮቢት ያለውን ማሳችንን የምንጠብቀው እናቴና እኔ ነበርን። አንድ የጣሊያን መኮንን ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ወፍ ፎቶ ያነሳል። እንዳይበረግጉበት ብሎ ጅራፍ ማጮህ ከለከለን። ማማው ላይ ቁጭ ብለን ግሪሳው ማሽላችንን ሲለቅመው እናያለን።

አንድ ጠዋት እናቴ ጅራፏን ይዛ ብድግ አለች።

«እትዬ ዘሃራ፣ በአላህ ይተዉት! ጌታው ይቆጣሉ» አላት የመኮንኑ አስተርጓሚ ከታች ሆኖ።

«ክረምት ሲመጣ ልጄ ፎቶ አትበላም!»

ጅራፉ ሲጮህ መኮንኑ ጥይት መስሎት ካሜራውን እንዳቀፈ አፈር ላይ ተደፋ። ወፉ ግር ብሎ ተነሳ። መኮንኑ ሽጉጡን መዝዞ ቀና ሲል እናቴ ደግማ አጮኸች። አንዱ ማማ ሲያጮህ ሌላው መመለሱ የአገሩ ልማድ ነውና፣ ከየማሳው ጅራፍ ይንጣጣ ጀመር። መኮንኑ የቱ ጅራፍ፣ የቱ ጠመንጃ እንደሆነ መለየት ቢቸግረው ወደ መኪናው አፈገፈገ።

«ዝም ካልናቸው ማሳው የነሱ ይመስላቸዋል» አለችኝ እናቴ። ስለ ወፎቹ መስሎኝ ነበር።

«እማማ፣ አንዴ ልድገም፤ ትንሽ ይታገሱኝ» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ጅራፌን አነሳሁ።

«ቶሎ አንሺ ልጄ፤ ላጮኸው ነው።»