ሆዱን ከማን ወረሰው

ወንድም ጋሼ መስታወት ቆራጭ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ ቆሞ ሲቆርጥ አንድም ቀን እጁ አልተንቀጠቀጠም። የሚያስቸግረው ሆዱ ነበር። ሰፊ መስታወት ጠረጴዛው ላይ በተጋደመ ቁጥር ቁርስ አይቀምስም፤ ግራ እጁን እምብርቱ ላይ ጫን አድርጎ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ነው መቁረጫውን የሚያነሳው። እናታችንም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስልክ ሲጠራ ሆዷን ይዛ ነበር የምትነሳው። «ቁርጥ እናቱን» ይሉት ነበር ጎረቤቶች። ደስ ይለዋል።

ባለፈው ዓመት ግን ሆዱ ሥራ አስፈታውና ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ጨጓራውን መርምራ ቁስል አጣችበት።

«የጭንቀት ሕመም ነው» አለች። አንጀት ሆርሞን ያመነጫል፣ ከአንጎል ጋር መልእክት ይለዋወጣል፣ አንዱ ሲረበሽ ሌላውም ይረበሻል ብላ አስረዳችን። እኛ በተማርንበት መጽሐፍ አንጀት ቀይ የተቀባ ቱቦ ነበር፤ መልእክት እንደሚልክ ማንም አልነገረንም።

«በዘርም የሚመጣ ነገር አለው» ብላ ቅጽ ዘረጋች። «እናትዎ እንዲህ ያደርጋቸው ነበር?»

«እንዴታ፤ የሷማ ይብስ ነበር» አለ ፊቱ በርቶ። ወዲያው ቀዝቀዝ አለ። «ግን አልወለደችኝም። የስምንት ወር ልጅ ሆኜ ነው የወሰደችኝ። የወለዱኝን አላውቅም።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔን ወልዳኛለች» አልኩ፣ እንዳጠፋ ሰው እያፈርኩ። «ጭንቀት የሚባል ግን አላውቅም።»

«እሱማ ቤት ቢቃጠል ሳህኑን ይዞ እየበላ ነው የሚወጣው» አለ ወንድም ጋሼ።

ሐኪሟ ሳቀች። «ዘር ብቻውን አይወስንም፤ ልጅ ካሳደገው ሰውም መፍራት ይማራል። የእርስዎ ከየትኛው እንደመጣ ግን ልነግርዎ አልችልም። ቅጹ የሚጠይቀው የሥጋ ዘመድ ነው፤ ‹አይታወቅም› ልበል?»

ወንድም ጋሼ ወደ እኔ አየ። «ፊቷን አንተ ወሰድክ፤ ድምፅዋንም አንተ። ይህቺ ሕመምም የሷ ካልሆነች ለእኔ ምኗ ቀረኝ?»

ከሆዷ የወጣሁት እኔ፣ ሆዷ ያለው እሱ ጋ።

እስክሪብቶውን ጠየቀና «እናት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «አዎ፣ ነበረባት» ብሎ ጻፈ። ሐኪሟ ልትሰርዘው እጇን አነሳች፤ ተወችው፤ ከጎኑ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረገች።

የመድኃኒቱን ወረቀት ይዘን ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ልክ ነው የጻፍኩት?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አልኩት።