ዝንብ ሠሪው ተከራዬ

ገርጂ ዝንብ አጥታ አታውቅም። በተለይ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አስፋልቱ ገና ሳይገባልን፣ ክረምቱ ወጣ ሲል ሱቄ ውስጥ ስኳሩ ላይ፣ ሚዛኑ ላይ፣ እኔም ላይ ሳይቀር ያርፍ ነበር። እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ዝንብ ይሠራል ቢሉኝ አላምንም። ተከራዬ ኦላና ግን ይሠራ ነበር፤ ያውም ከሱቄ ጀርባ ባከራየሁት ክፍል።

ኦላና የነቀምት ልጅ ነው። ቀን ቀን ኦሎምፒያ አካባቢ ሰዓት ይጠግናል፤ እሁድ በቤተክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ድምፁም አይሰማም። ከሥራ ሲመለስ ግን ጠረጴዛው ላይ የተከላት ትንሽ ሞርሳ፣ የብረት መያዣ፣ አለች፤ በሷ ጥፍር የማታህል መንጠቆ ያስይዝና የዶሮ ላባና የእንስሳ ፀጉር በክር ይጠመጥምባታል። ሲጨርስ ክንፍና ጭራ ያላት ዝንብ ትወጣለች።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ ቁርኣን ቀርቻለሁ። ኋላ ላይ ነው ያስረዳኝ። ወጣት ሳለ ባሌ ውስጥ ለዓሣ ባለሙያዎች ሹፌር ነበር፤ እዚያ አንድ ኬንያዊ አስተማረው። በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ ውሃ ላይ ዝንብ ስታርፍ ካየ አያልፋትም። ይህን ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ፈረንጆች ሰዓት መጠገኛው ድረስ እየመጡ የኦላናን ዝንቦች ይወስዳሉ። ዝንቧ ከሰመጠች ዋጋ የላትም፤ ስለዚህ ውሃ የማይጠጣ ላባ ያስፈልጋል፤ እሱም የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ታዲያ እውነተኛውን ዝንብ ለምን አትወስድላቸውም፣ ከሱቄ በነፃ ዝገን አልኩት። እውነተኛው መንጠቆ ላይ ይፈርሳል ብሎ፣ ምንም ሳይስቅ፣ መለሰልኝ።

ጉዳዩን የከፋ ያደረገው ገብስማ አውራ ዶሮ የነበረኝ እኔ መሆኔ ነው። ኦላና ያንን ዶሮ ሲያየው ሌላው ሰው ቆንጆ ሴት እንደሚያየው ነበር። አዝኜለት ጥቂት ላባ እንዲነቅል ፈቀድኩለት። ከዚያ ወዲህ ዶሮው የኦላናን ኮቴ ሲሰማ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እሱ ሥራ እስኪሄድም አይወርድም። ለአረፋ ያሳረድኩትን ጥቁር ፍየል ሰው ሁሉ ሥጋውን ሲመኝ፣ ኦላና የጆሮውን ፀጉር ለመነኝ።

በዚህ መሃል አብራው የምትዘምረውን አዝመራን ሊያገባ ሆነ። አባቷ አቶ ረታ በቤተክርስቲያናቸው የተከበሩ፣ በጣም ጥንቁቅ ሰው ናቸው። እንደ ደንቡ ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት የልጁን ጠባይ ከጎረቤት ሊያጣሩ መጡ። ከሱቄ ሳሙና ገዙና፣ እንደ ዋዛ፣ እዚህ ግቢ የሚኖር ሰዓት ሠሪ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። ማን እንደሆኑ ገብቶኛል፤ የወለድኩት ልጅ ቢሆን እንደዚያ አላሞግሰውም። ፊታቸው እየፈካ ሄደ። ኦላና ድንገት ሲደርስማ ክፍልህን አሳየኝ አሉት።

ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ላባ አለ፣ ፀጉር አለ፣ ክር አለ፣ ቋጠሮ አለ። በአገራችን እነዚህን አራቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። አቶ ረታ ከበሩ ንቅንቅ ሳይሉ ምንድነው ብለው ጠየቁ። ዝንብ ነው ጋሼ አለ። ለምን እንደሚሆን ሲጠየቅ ደግሞ፣ ከቃል ሁሉ መርጦ፣ ለማታለል ነው አላቸው። ዓሣ የሚለውን የጨመረው እሳቸው ጠጋ ብለው ጥቁሩን ፀጉር ካነሱ በኋላ ነው። የከፈትኩላቸውን ሚሪንዳ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

በማግስቱ አዝመራን ይዘው ተመለሱ። ፀጉሩ የልጄ ነው፣ መተት አሠርቶባት ነው እንጂ ልጄ እንዲህ አትሆንም አሉ። እኔ የፍየሌ ነው ብዬ መሰከርኩ። አላመኑኝም፤ ምስክሩ ፍየልም ከተበላ ቆይቷል።

ያኔ ኦላና ሳፋ ሙሉ ውሃ አምጥቶ መሃላችን አስቀመጠ። የሰው ፀጉር ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ የኔ ዝንብ ግን ትንሳፈፋለች አለ። ጣላት፤ እውነትም ኩራት በኩራት ሆና ተንሳፈፈች። አሁን የሰው ፀጉር ይምጣ ተባለ። አቶ ረታ ከግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው መላጣ ናቸው። እኔ ሻሼን ለማንም አልፈታም። ኦላና ሽማግሌ ለሚልክበት ቀን ብሎ ራሱን ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል። አዝመራ ከሹሩባዋ አንዲት ዘለላ ነቅላ ሰጠችው።

ጣለው። ተንሳፈፈ።

የኦላና ፊት አመድ መሰለ። ሳፋውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ ፀጉሩ ዞረ እንጂ አልሰመጠም። ቅባት ተቀብታ ነው ብዬ ጮህኩ፤ ቫዝሊኑን የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ ኦላናም ዝንቦቹ እንዳይሰምጡ የሚቀባቸው ይኸንኑ ነው። ማን ይስማኝ። ፀጉሩ ተንሳፍፎ ሠርጉ ሰመጠ አልኩ በልቤ፤ እውነቱን ለመናገር ልቅሶዬ መጣ።

አቶ ረታ ግን አልተቆጡም። በርጩማ ላይ ተቀመጡና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። የፈሩት ዝንቡን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ ልጄ ሳትፈልግ ትሄድብኛለች ብለው ነው።

“እውነቱን ንገሪኝ” አሏት። “በራስሽ ነው የወደድሽው?”

“አባዬ፣ ይሄ ሰው መተት ቢያውቅ ኖሮ ሁለት ክረምት ሙሉ ጃንጥላ ይዞልኝ ታክሲ ድረስ እየሸኘኝ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይመለስ ነበር?” አለች አዝመራ። ቀጥላም፣ “እንጋባ ያልኩት እኔ ነኝ” ብላ ጨመረች።

ኦላና አንገቱን ደፋ። እኔም አፌን ያዝኩ፤ በኛ ጊዜ እንዲህ ያለችን ልጅ ሰፈር አያስቀምጣትም ነበር። አቶ ረታ ሳፋውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ በመጨረሻ ኦላናን አዩት። ተነሡና ያን የተላጨ ራሱን በመዳፋቸው ያዙት።

“በል ተንበርከክ” አሉት። “ጸሎት የሚያስፈልገውስ ለአንተ ነው። እናቷም እንጋባ ብላ እኔን የያዘችኝ እንዲሁ ነው።”

ዓይናቸውን ጨፍነው አጥብቀው ጸለዩለት። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ፣ ከልቤ፣ አሚን አልኩ።